የኮሌስትሮል ቁጥርና የቁጥሩ ባለቤት

“ኮሌስትሮል አለብህ” የሚለው አነጋገር በከተሞቻችን የተለመደ ሆኗል። ወባ አለብህ፣ ታይፎይድ አለብህ እንደሚባለው ሁሉ፣ ኮሌስትሮልም ወይ ያለ ወይ የሌለ፣ ጥቂት ጊዜ ታክሞም የሚወጣ ነገር ይመስላል። ሙሉ ምርመራ የሚባለውን ጥቅል ከፍሎ ያደረገ ሰው፣ ከላቦራቶሪ የወጣለት ወረቀት ላይ ከአንዱ ቁጥር አጠገብ ቀይ ምልክት ካየ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ አሜሪካ ላለች እህቱ በቴሌግራም ይልካል፤ እሷም ለምታውቃት ነርስ ታሳያለች፤ “ሥጋና ቅቤ ይቀንስ” የሚል መልስ ይመጣል። ምልክት ያልታየበት ሰው ደግሞ ወረቀቱን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከሁለቱ መካከል ቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚገባው ብዙ ጊዜ ይኸው ሁለተኛው ሰው ነው። ይህ የሚሆንበትን ምክንያት መረዳት ከፍ ያለ ኮሌስትሮል እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚታከም የመረዳትን ግማሽ ያህል ነው።

ኮሌስትሮል በሽታ አይደለም፤ ሰም መሰል ቅባት ነው፤ ያለ እሱም ሕይወት የለም። የሕዋሳት ሽፋን፣ የወንድና የሴት ሆርሞኖች፣ ቫይታሚን ዲ እና ሐሞት ይሠሩበታል። አብዛኛውን የሚያመርተው ሰውነት ራሱ፣ በተለይም ጉበት ነው፤ ቅቤ በአፋቸው ሳይዞር የኖሩ ሰዎች ከፍ ያለ ኮሌስትሮል ሊገኝባቸው የሚችለውም ስለዚህ ነው። ቅባት በደም ውስጥ ስለማይሟሟ በፕሮቲን ተጠቅልሎ ይጓዛል። ከነዚህ ጥቅሎች መካከል ኤልዲኤል የሚባለው በደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ የሚቀረውና ቅባት የሚያከማቸው ዋነኛው ነው። ጉበት በላዩ ላይ ባሉ ተቀባዮች አማካይነት ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ ይለቅማል፤ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን ተቀባይ በማግኘታቸው በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። የዛሬዎቹ ዋና ዋና መድኃኒቶች በየፊናቸው የሚያደርጉት ነገር በመጨረሻ ይህን የመልቀም ሥራ ማበርታት ነው።

ጉዳቱ የሚለካው በአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን በዓመታት ድምር ነው። የማድ ቤት ጣሪያ በአንድ ቀን ጢስ አይጠቁርም፤ ጥቀርሻው የሚወፍረው እንደ ጢሱ ብዛትና እንደ ዘመኑ ርዝመት ነው። ኤልዲኤልም እንዲሁ ነው። ከልጅነት ጀምሮ በዘር ምክንያት ኤልዲኤላቸው ከፍ ያለ ሰዎች በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ልባቸውን የሚታመሙት፣ በተፈጥሮ ዝቅ ያለላቸው ደግሞ እስከ እርጅና ድረስ ቧንቧቸው ንጹሕ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሲጋራ፣ ደም ግፊትና ስኳር ግድግዳውን እያቆሰሉ መግቢያውን ያሰፉለታል።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለኩትም፤ ያሰሉታል። ስሌቱ ፍሪድዋልድ በተባለ ተመራማሪና በባልደረቦቹ በ1972 የታተመ ሲሆን፣ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ “ጥሩ ኮሌስትሮል” የሚባለውን ኤችዲኤልንና የትራይግሊሰራይድን (የሌላ የደም ቅባትን) አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ጠቅላላው 210፣ ኤችዲኤል 40፣ ትራይግሊሰራይድ 150 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከሆነ ኤልዲኤል 140 ይሆናል ማለት ነው። ስሌቱ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ አይሠራም፤ ኤልዲኤል በጣም ዝቅ ሲልም ያሳንሰዋል። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው አንድም ተጨማሪ ብር የማያስከፍል ሌላ ቅናሽ ነው፤ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ብቻ ቀንሶ የቀረውን መያዝ። በምሳሌው 170 የሚመጣው ይህ ቁጥር ጎጂዎቹን ጥቅሎች በሙሉ ያጠቃልላል፤ የሚፈለገው ወሰንም ከኤልዲኤል ወሰን በ30 ከፍ ይላል። በየወረቀቱ ላይ ታትሞ ቢወጣ ምን ነበር እላለሁ።

ዘመድ ከዘመድ ውጤት ሲለዋወጥ የሚያምታታ አንድ ነገር አለ። ኢትዮጵያ፣ አሜሪካና እስራኤል ያሉ ላቦራቶሪዎች በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲጽፉ፣ ብሪታንያና ብዙ የአውሮፓ አገሮች ሚሊ ሞል በሊትር ይጠቀማሉ። የለንደኗ እህት 3.6፣ የአዲስ አበባው ወንድም 140 ቢያመጡ ልዩነት የላቸውም፤ የመጀመሪያውን በ39 ገደማ ማባዛት ነው። ለትራይግሊሰራይድ ግን ማባዣው 89 ገደማ ስለሆነ አንዱን በሌላው ማስላት ያሳስታል። በባዶ ሆድ መመርመርን በተመለከተም የቆየው ልማድ ላልቷል፤ በ2016 የአውሮፓ ማኅበራት የጋራ መግለጫ ካወጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ምርመራ ቁርስ በልቶ መምጣት እንደ ስሕተት አይቆጠርም። ትራይግሊሰራይድ ከፍ ብሎ ከተገኘ ብቻ በባዶ ሆድ ይደገማል።

በባዶ ሆድ የመመርመሩ ነገር ያን ያህል ሲያስጨንቅ፣ እኛ ዘንድ ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ጾም አይጠየቅም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ያልቀመሰ ሰው በሆሳዕና ሰሞን ቢመረመር የሚያገኘው ቁጥር የዓመቱን አይወክልም፤ ከፋሲካ በኋላ ሁለትና ሦስት ሳምንት በዶሮ ወጥና በክትፎ ያሳለፈውም እንዲሁ። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ስለሚጾሙ ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። ሐኪሙ የምርመራውን ቀን ከጾሙ ጋር አያይዞ ካርዱ ላይ ቢጽፈው፣ በግንቦት የተገኘውን ቁጥር በመጋቢት ከተገኘው ጋር አወዳድሮ “መድኃኒቱ ሠራ” ወይም “አልሠራም” ከማለት ይድናል። ለዚሁ ሲባል ከባድ ሕመም ላይ ያለ ሰው ቁጥርም በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም ከደረሰ ከአንድ ቀን በኋላ ኤልዲኤል ለሳምንታት ዝቅ ይላልና፣ በዚያ ጊዜ የሚታይ “ጥሩ” ውጤት ሊያዘናጋ አይገባም።

አሁን ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንዲት የ42 ዓመት መምህርት ሲጋራ አታጨስም፣ ደም ግፊቷ 115 በ75፣ ስኳር የለባትም፤ ኤልዲኤሏ 142 ሆኖ ቀይ ምልክት ታትሞበታል። አንድ የ58 ዓመት ነጋዴ ደግሞ ከስምንት ዓመት በፊት ስኳር ተገኝቶበታል፣ ደም ግፊቱ 150 በ90 ነው፣ በቀን አሥር ሲጋራ ያጨሳል፤ ኤልዲኤሉ 112 ስለሆነ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ላቦራቶሪው መልካም ዜና የሰጠው ለእርሱ ነው። የሕክምና መመሪያዎች ግን ወዲያውኑ መድኃኒት የሚያዝዙት ለእርሱ ሲሆን፣ ለእርሷ ከምክርና ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሚደገም ምርመራ በቀር ምናልባት ምንም አያስፈልጋትም።

ይህን የሚያስረዳው ሒሳብ ነው። ወደ 170,000 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 26 ጥናቶች አንድ ላይ ያየው የ2010 ትንተና፣ ኤልዲኤል በ39 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በወረደ ቁጥር ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የመሳሰሉት በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ቅናሹ መነሻ ቁጥሩ ከፍ ያለም ዝቅ ያለም ቢሆን ተቀራራቢ ነው። በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ከመቶ 30 ሰው ሊታመም በሚችልበት ቡድን ውስጥ አንድ አምስተኛው ስድስት ሰው ነው፤ ከመቶ ሁለት ብቻ ሊታመም በሚችልበት ቡድን ውስጥ ግን ግማሽ ሰው እንኳ አይሞላም። መድኃኒቱ ያው፣ ዋጋው ያው፣ የሚያተርፈው ሕይወት ግን እጅግ የተለያየ ነው። ስለዚህ “ቁጥሬ ስንት ነው?” ከሚለው ጥያቄ በፊት “እኔ ማን ነኝ?” የሚለው ይቀድማል፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ኩላሊት፣ ከዚህ በፊት የልብ ወይም የአንጎል ደም ቧንቧ መዘጋት።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የሚያሰሉ ሰንጠረዦችን በ2019 አድሶ ዓለምን በ21 ቀጠናዎች ከፍሎ አውጥቷል፤ ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካው ቀጠና ውስጥ ናት። ሰንጠረዡ ከ40 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሰዎች የአሥር ዓመት ተጋላጭነትን በመቶኛ ይሰጣል። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ጠቅላላ ኮሌስትሮልንና ስኳርን ይጠይቃል፤ ሌላው ላቦራቶሪ ለሌለው ጤና ጣቢያ የተዘጋጀ ሲሆን በነዚህ ፈንታ ክብደትን ከቁመት ጋር ያያል። ተጋላጭነቱ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ እንዲሁም ዕድሜው 40 ለሞላ የዓይነት ሁለት ስኳር ሕመምተኛ፣ የድርጅቱ መመሪያ ስታቲን የተባለው ኮሌስትሮል አውራጅ መድኃኒት እንዲሰጠው ይመክራል። ኮሌስትሮል ፈጽሞ ሳይለካ መድኃኒቱን መጀመር ይቻላል ማለት ነው፤ ይህ ብዙ ታካሚ ሲሰማው ግራ ያጋባዋል፤ ከላይ ያለው ሒሳብ ከገባ ግን ግራ የሚያጋባ አይደለም።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የገጠማቸው ሌላ ነው። ከ2013 ጀምሮ በሰፊው ሲሠራበት የነበረው የአሜሪካ ማስሊያ ሰውን በዘር ይለይ ነበርና፣ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ ሰው ለትውልዶች አሜሪካ ከኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባ ነበር፤ የሁለቱ የኑሮና የሕመም ታሪክ ግን የተለያየ ነው። በ2023 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ያወጣው አዲስ ማስሊያ ዘርን ትቶ በምትኩ የኩላሊትን አሠራር አስገብቷል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በገቡት ቤተ እስራኤል ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ሲደርሱ ዝቅ ያለ የነበረው ኮሌስትሮላቸው በአዲሱ አገር አመጋገብና አኗኗር ከፍ እያለ፣ ስኳርም እየበዛባቸው እንደ ሄደ አሳይተዋል። “እኛ ዘራችን ይህ በሽታ የለበትም” የሚለው ማጽናኛ የሚሠራው አኗኗሩ እስካልተለወጠ ድረስ ብቻ ነው፤ አኗኗሩ ደግሞ ቦሌም ላይ ተለውጧል።

አገር ውስጥ በ2015 የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባካሄደው አገር አቀፍ የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ሰዎች 5 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ “ጥሩ” የሚባለው ኤችዲኤል ዝቅ ያለባቸው ግን ከሦስት ሰው ሁለቱ ያህል ነበሩ። ስለዚህ ብዙ ኢትዮጵያዊ ቀዩን ምልክት የሚያገኘው በኤችዲኤል ላይ ነው። እዚህ ላይ ስሙ ራሱ ያሳስታል። “ጥሩ ኮሌስትሮል” ከተባለ፣ ቢጨመርስ ይሻል ይመስላል፤ የመድኃኒት ኩባንያዎችም ለዓመታት እንደዚያው አስበው ነበር። ኤችዲኤልን በእጅጉ ከፍ ያደረገው ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት ሞትን በማብዛቱ ጥናቱ በ2006 ተቋረጠ፤ ኤችዲኤልን የሚጨምረው ሌላው መድኃኒት ኒያሲንም በስታቲን ላይ ሲታከል ጥቅም አላመጣም። ዝቅ ያለ ኤችዲኤል ምልክት እንጂ የሚታከም ዒላማ አይደለም። ቂጣና እንጀራ እየበላ ብዙም ቅባት በማያገኝ ሕዝብ ውስጥ ኤችዲኤል ዝቅ ብሎ መታየቱ ከውፍረትና ከስኳር ጋር ተያይዞ ከሚታየው ዝቅታ ጋር አንድ ላይ መደመር የለበትም። ሰው በኤችዲኤል ምክንያት ብቻ መድኃኒት ተጽፎለት ሲመጣ፣ ለምን እንደሆነ ሐኪሙን ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ትራይግሊሰራይድ በአጭሩ፤ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው 500 ሲያልፍ፣ ይልቁንም 1,000 ሲደርስ ቆሽትን ማቃጠሉ ነው። መጠጥ፣ ያልተያዘ ስኳርና ውፍረት ዋነኞቹ አቀጣጣዮች ናቸው፤ እነርሱ ሲስተካከሉ ቁጥሩ በአስደናቂ ፍጥነት ይወርዳል።

መድኃኒት ከመጻፉ በፊት ግን ኮሌስትሮሉን ከኋላ ሆኖ የሚገፋ ሌላ ሕመም እንዳለ መፈተሽ ያስፈልጋል። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መዳከም፣ በሽንት ፕሮቲን የሚያስወጣ የኩላሊት ሕመም፣ የሐሞት መውጫ መዘጋት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ፣ አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ሁሉ ይህን ያደርጋሉ። በተለይ ብርድ የማይችል፣ ሆድ ድርቀት ያለው፣ ሳያውቀው ክብደት የጨመረና ድካም የበዛበት ሰው የታይሮይድ ምርመራ ሳይደረግለት ስታቲን ከተጀመረለት፣ ኮሌስትሮሉ አልወርድ ከማለቱም በላይ የጡንቻ ሕመሙ ይብስበታል፤ ጥፋቱም በመድኃኒቱ ላይ ይላከካል።

ኤልዲኤል ያለ ሌላ ምክንያት 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሰንጠረዥ አያስፈልግም፤ በዘር የሚወረስ ከፍ ያለ ኮሌስትሮል ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ሕክምና ይጀመራል። ይህ ዓይነቱ በዓለም ላይ ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ሰዎች በአንዱ ላይ ይገኛል፤ ከአንዱ ወላጅ የተወረሰ እንደሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ የመድረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከቁርጭምጭሚት በስተኋላ ባለው ጅማት ላይ ወይም በጣቶች አንጓ ላይ የሚወጣ ጠንካራ እብጠት አንዱ ምልክት ነው። ቤተሰብ ውስጥ አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 በፊት በልብ ከተቀሠፉ ሊጠየቅ ይገባል። “ድንገት ወድቆ ቀረ” ወይም “ሰው ዓይን ገባበት” ተብሎ የታለፈ የአጎት ሞት ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ይህ ታሪክ ተደብቆ ይገኛል፤ እንዲህ ያለ ውጤት ያለው ሰው ልጆቹንና ወንድም እኅቶቹን ማስመርመር አለበት።

ስለ ምግብ ሲነሣ ሁሉም ሰው ወደ እንቁላልና ወደ ሥጋ ይጠቁማል። በምግብ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ግን በአብዛኛው ሰው ደም ላይ የሚያመጣው ለውጥ መጠነኛ ነው፤ ኤልዲኤልን ይበልጥ የሚያወጣው በክፍል ሙቀት የሚረጋው ዓይነት ቅባት ነው። ንጥር ቅቤና ጮማ እዚህ ይመደባሉ። ነገር ግን በዘመናችን ብዙ ቤት ውስጥ ከቅቤ ይልቅ በየቀኑ ድስት ውስጥ የሚገባው ከውጭ የሚመጣው የፓልም ዘይት፣ “የሚረጋው ዘይት” ነው፤ ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ ይህ የሚረጋ ዓይነት ነው። ጀሪካኑ ላይ “ከኮሌስትሮል ነፃ” የሚል ጽሑፍ ይታያል። እውነት ነው፤ ከዕፅዋት የሚገኝ ዘይት ሁሉ ከኮሌስትሮል ነፃ ነው። ማስታወቂያው ውሸት ሳይናገር ያሳስታል፤ ኮሌስትሮሉን የሚሠራው የበላው ሰው ጉበት ነውና።

ስለዚህ ጿሚው ሰው ቅቤ ትቶ ሽሮውን በሚረጋ ዘይት ሲያንተከትክ፣ ብስኩትና ሳምቡሳም በዚያው ዘይት ሲጠበስለት፣ ጾሙ ለልብ የሚሰጠው ጥቅም ሳይታወቅ ይሸረሸራል። በአንጻሩ የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ኤልዲኤልን የሚቀንስ ፈሳሽ ቅባት ነው፤ የሱፍም እንዲሁ። ችግሩ ዋጋው ነው፤ የኑግ ዘይት መግዛት ለማይችል ቤተሰብ “ዘይት ቀይር” ብሎ ማለፍ ምክር አይባልም፤ መጠኑን መቀነስ፣ ቁሌቱን በውኃ እያስታመሙ መሥራት፣ ጥብስ ማሳነስ ግን ገንዘብ ይቆጥባል እንጂ አያስወጣም። ገብስና አጃ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ አሠር በቀን 3 ግራም ያህል ሲገኝ ኤልዲኤልን በአምስት በመቶ ገደማ ያወርዳል። በሶ፣ የገብስ ገንፎና የአጃ ሾርባ በምግብነት ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይጠቅማሉ፤ ገንፎው መካከል ያለው የቅቤ ጉድጓድ ግን ሒሳቡን ይገለብጠዋል። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላም በዚሁ ወገን ናቸው።

ቡና ላይ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ካፌስቶል የሚባል ቅባት መሰል ንጥረ ነገር ቡና ውስጥ አለ፤ ኤልዲኤልን እንደሚያወጣ በደንብ ይታወቃል። የወረቀት ማጥለያ ያስቀረዋል፤ ዱቄቱ አብሮ የሚፈላበት ቡና ግን ይዞት ወደ ስኒ ይገባል። የኖርዌይና የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ይህን ያገኙት በአገራቸው የተለመደውን አፍልቶ የሚጠጣ ቡና ሲያጠኑ ነው። የጀበና ቡናም በአፈላሉ ከዚያው ወገን ነው፤ ስኒው ትንሽ መሆኑ ግን ይረዳል። አንድና ሁለት ስኒ ለሚጠጣ ሰው የሚያስጨንቅ አይመስለኝም። በጠዋት፣ በቀትርና በማታ አቦል፣ ቶናና በረካ ለሚያዳርስና ኤልዲኤሉ አልወርድ ላለው ግን ሐኪሙ ሊጠይቀው የሚገባ ጉዳይ ነው። ጠይቆ የሚያውቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ምግብና እንቅስቃሴ ኤልዲኤልን ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊያወርዱ ይችላሉ፤ ለመምህርቷ ይህ ይበቃታል፤ ለነጋዴው አይበቃውም። እዚህ ላይ ስታቲን ይመጣል። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ከሻጋታ ውስጥ የመጀመሪያውን ስታቲን ለይቶ አወጣ፤ በ1987 ሎቫስታቲን ለገበያ ተፈቀደ። ጥርጣሬውን የሰበረው ግን በ1994 የወጣው የስካንዲኔቪያውያን ጥናት ነው፤ 4,444 የልብ ሕመምተኞች ተሳትፈው፣ ሲምቫስታቲን በአምስት ዓመት ውስጥ ሞትን በ30 በመቶ ቀነሰ። መድኃኒቱ ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን አንድ ኤንዛይም ያግዳል፤ ጉበትም የጎደለውን ለመሙላት ተቀባዮቹን አብዝቶ ኤልዲኤልን ከደም ይለቅማል። አቶርቫስታቲን 40 ወይም 80 ሚሊ ግራም፣ ሮሱቫስታቲን 20 ወይም 40 ሚሊ ግራም ኤልዲኤልን በግማሽና ከዚያ በላይ ያወርዳሉ። መጠኑን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው ስድስት በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አብዛኛው ጥቅም የሚገኘው ከመጀመሪያው ኪኒን ነው። ልቡን ታሞ ለሚያውቅ ሰው የአውሮፓ መመሪያ ኤልዲኤል ከ55 በታች እንዲሆንና ከመነሻው በግማሽ እንዲቀንስ ይጠይቃል፤ ለመምህርቷ የ55 ዒላማ ማስቀመጥ ትርጉም የለውም።

በማኅበረሰባችን ውስጥ ስለ ስታቲን የሚነገረው ሁለት ነገር ነው፤ “ጉበት ያበላሻል” እና “ጡንቻ ያሳምማል”። ከባድ የጉበት ጉዳት እጅግ ጥቂት ነው። ጡንቻን በተመለከተ በ2022 የወጣ ትንተና 124,000 ያህል ሰዎች የተሳተፉባቸውን 19 ጥናቶች መርምሮ፣ የጡንቻ ሕመም ስታቲን ከወሰዱት በ27.1 በመቶው፣ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ደግሞ በ26.6 በመቶው ላይ አግኝቷል። በብሪታንያ የተደረገ ሌላ ጥናት ይበልጥ ይገርማል። በሕመም ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች በየወሩ ጠርሙስ እየተቀያየረላቸው፣ አንዳንዱ ወር ስታቲን፣ አንዳንዱ ባዶ ኪኒን፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይወስዱ አሳለፉ፤ በስታቲን ወራት ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው በባዶ ኪኒን ወራትም ተሰምቷቸው ነበር። ሕመሙ ሐሰት ነበር ማለት አይደለም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ግን በአብዛኛው ፍርሃት ነበር። ውጤቱ ከተነገራቸው በኋላ ግማሾቹ መድኃኒቱን መልሰው ጀመሩ። ይህ ማለት ግን ጉዳት ከቶ የለም ማለት አይደለም። ስታቲን ለስኳር በተቃረቡ ሰዎች ላይ ስኳርን በመጠኑ ከፍ ያደርጋል፤ በእርግዝና ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል፤ ጡንቻው ክፉኛ ታሞ ሽንቱ እንደ ኮካ የጠቆረ ሰው መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ሕክምና ቦታ መድረስ አለበት።

እንዲህ ያለው አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመድኃኒት ግጭት ነው። ለደም ግፊት በሰፊው የሚታዘዘውን አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲን ከ20 ሚሊ ግራም በላይ መውሰድ የለበትም። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በታዘዘ ጊዜ ሲምቫስታቲን ለጥቂት ቀን ይቋረጣል። ሪቶናቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲንን ፈጽሞ አይነካም። ይህ ማለት ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ስታቲን አይገባቸውም ማለት አይደለም፤ በ2023 ይፋ የሆነውና አፍሪካውያንም የተሳተፉበት የ7,769 ሰዎች ጥናት፣ ፒታቫስታቲን የልብና የደም ቧንቧ አደጋን በ35 በመቶ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል፤ የሚለወጠው የስታቲኑ ዓይነት ነው። ታካሚው ወደ ፋርማሲ ሲሄድ የሚወስዳቸውን ኪኒኖች ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዞ ቢሄድ ማንም አይስቅበትም።

ስታቲን ብቻውን ዒላማው ላይ ካላደረሰ፣ አንጀት ኮሌስትሮል እንዳይመጥ የሚያደርገው ኢዜቲማይብ ተጨማሪ 20 በመቶ ያህል ያወርዳል። በመርፌ የሚሰጡት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ከ50 እስከ 60 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ፤ ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው አገር ቤት ላለ ታካሚ የሚታሰብ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና ሽፈራው የሚያመጡት ለውጥ ቢኖርም ከስታቲን ጋር አይወዳደርም። በውጭ አገር በመደብር የሚሸጠው የቀይ እርሾ ሩዝ ደግሞ “ተፈጥሯዊ ነው” እየተባለ ለወላጅ በሻንጣ ይላካል፤ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ግን ራሱ ሎቫስታቲን ነው፤ መጠኑ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፤ በላዩ ላይ ሐኪም ያዘዘው ስታቲን ሲጨመር ታካሚው ሳያውቅ ሁለት ይወስዳል።

ሕክምናው ከተጀመረ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ኮሌስትሮሉ ዳግመኛ ይለካል። ይህ ሁለተኛ ወረቀት ከመጀመሪያው ይበልጥ ይናገራል፤ አንባቢው ግን ምልክቱን ትቶ ቅናሹን በመቶኛ ማስላት አለበት። ከ140 ወደ 75 የወረደ ሰው መድኃኒቱ ሠርቶለታል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙዎች “ድኛለሁ” ብለው የሚያቆሙት፤ ካቆሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ወደነበረበት ይመለሳል፤ በኪኒኑ የወረደ ነበርና። ከ140 ወደ 136 ብቻ ለወረደው ሰው ደግሞ ወዲያው ወደ ጠንካራ መድኃኒት ከመዝለል በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ ኪኒኑ ከየት ተገዛ፣ ስንት ቀን ተወሰደ፣ መቼ አለቀ፣ ከዚያ ወዲህስ ተገኝቷል ወይ? ጥያቄው በቁጣ ከተጠየቀ መልሱ “በየቀኑ እወስዳለሁ” ይሆናል። ቀስ ተብሎ፣ “ሰው ይረሳል፣ ያልቅበታል፣ ዋጋውም ይወደዳል፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ወሰዱ?” ተብሎ ከተጠየቀ ግን፣ ነጋዴው ኪኒኑ ካለቀ ሃያ ቀን እንደሆነው፣ ፋርማሲውም “የለም፣ በሌላ ሳምንት ይመጣል” ብሎ እንደመለሰው ይናገራል።